የጭነት ክፍፍል (ኦፕን ቲቲዲ)

የጭነት ክፍፍል፣ ተጫዋቾች በአጭሩ «ካርጎዲስት» የሚሉት፣ ኦፕን ቲቲዲ በተባለው የትራንስፖርት ማስመሰያ የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ተሳፋሪውና ዕቃው ወደ የትኛው ጣቢያ፣ በየትኛው መስመር በኩል እንደሚሄድ የሚወስን ሥርዓት ነው። በጨዋታው ቋንቋ «ጭነት» የሚባለው የድንጋይ ከሰል፣ እህል ወይም ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪና ፖስታም ጭምር ነው።

ሥርዓቱ ካልበራ ጭነት መድረሻ የለውም። ቀድሞ በደረሰው ተሽከርካሪ ይጫናል፤ ያንን የጭነት ዓይነት የሚቀበል ጣቢያ ላይ ሲደርስም ይራገፋል። ሥርዓቱ ሲበራ ግን ጭነቱ መድረሻ ስለሚኖረው መስመሮቹ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። በአንድ መስመር ላይ የታየ የአቅም ማነስ በሌላ ከተማ ጣቢያ ላይ መጨናነቅን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የተጫዋቹ ዋና ሥራ ተሽከርካሪዎችን መሙላት ብቻ መሆኑ ይቀርና በመስመሮች መካከል አቅምን ማመጣጠን ይሆናል።

ታሪክ

ኦፕን ቲቲዲ መነሻው ትራንስፖርት ታይኩን የተባለው ጨዋታ ነው። ትራንስፖርት ታይኩን በክሪስ ሶየር ተሠርቶ በማይክሮፕሮዝ ኩባንያ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ፤ የተሻሻለው እትም፣ ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስ፣ በ1995 ተከተለ። ስዊድናዊው የፕሮግራም ጸሐፊ ሉድቪግ ስትሪጌውስ ይህንኑ ጨዋታ እንደገና ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፕን ቲቲዲ በሚል ስም ለሕዝብ አቀረበው። ጨዋታው ነጻ ሶፍትዌር በመሆኑ ከዚያ ወዲህ በበጎ ፈቃደኞች ሲሻሻል ቆይቷል። ስሪት 1.0.0 በ2010 ወጥቷል።

የጭነት ክፍፍል ለዓመታት ከዋናው ጨዋታ ውጪ በተጨማሪ ማሻሻያነት ሲሠራጭ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ስሪት 1.4.0 የጨዋታው አካል ሆነ። ሆኖም ሲጀመር ጠፍቶ ነው የሚገኘው፤ የሚፈልገው ተጫዋች ከቅንብሮች ውስጥ ራሱ ማብራት አለበት። ለተሳፋሪና ለዕቃ መድረሻ መስጠት በዚህ ጨዋታ የተጀመረ ሐሳብ አይደለም። ሲሙትራንስ የተባለው ሌላ ነጻ የትራንስፖርት ጨዋታም በዚሁ መሠረት ላይ የተገነባ ነው።

ክፍፍል በሌለበት ጊዜ

በመጀመሪያው ጨዋታ አሠራር አንድ ጣቢያ የሰበሰበው ጭነት ሁሉ አንድ ክምር ነው። ከአንድ ጣቢያ ሁለት መስመሮች ቢነሡ፣ ጭነቱን የሚወስደው ቀድሞ የደረሰው ተሽከርካሪ ነው። ተሳፋሪውም ወዴት እንደሚሄድ አይመርጥም፤ አውቶቡሱ ወደ ጎረቤት ሰፈር ቢሄድም ወደ ሩቅ ከተማ ቢሄድም ይሳፈራል።

ይህ አሠራር ቀላልና ትርፋማ ነው። ተጫዋቹ ሩቅ የሆኑ ሁለት ከተሞችን መርጦ በፈጣን ባቡር ካገናኛቸው ባቡሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሞላል። በሌላ በኩል ግን መረብ መዘርጋት ትርጉም ያጣል። መጋቢ አውቶቡሶች፣ ዋና የባቡር መስመርና የመለዋወጫ ጣቢያ በአንድነት እንዲሠሩ ማድረግ የሚቻለው ተጫዋቹ እያንዳንዱን ትእዛዝ በእጁ ሲጽፍ ብቻ ነው። በትእዛዙ ላይ ስሕተት ካለም ተሳፋሪዎች ወደ መጡበት ጣቢያ ተመልሰው ሊወሰዱ ይችላሉ።

የክፍፍል ዓይነቶች

ጨዋታው ሦስት የክፍፍል ዓይነቶች አሉት። ዓይነቱ ለተሳፋሪ፣ ለፖስታ፣ በጥበቃ ለሚጓጓዙ ውድ ዕቃዎችና ለቀሩት ጭነቶች ለየብቻ ይመረጣል።

በእጅ የሚደረግ ክፍፍል፦ ሥርዓቱ ጣልቃ አይገባም፤ ጭነቱ ከላይ እንደተገለጸው በቀደምትነት ይጫናል።

ያልተመጣጠነ ክፍፍል፦ ጭነቱ መድረሻ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን የመልስ ጉዞ ግዴታ የለበትም። ከሀ ወደ ለ 100 ቶን ቢሄድ ከለ ወደ ሀ ምንም ላይመጣ ይችላል። ለማዕድን፣ ለእህል፣ ለነዳጅና ለመሳሰሉት ተስማሚ ነው፤ የድንጋይ ከሰል ከማዕድን ማውጫ ወደ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አይመጣምና።

ተመጣጣኝ ክፍፍል፦ ከሀ ወደ ለ የሚሄደው ብዛት ከለ ወደ ሀ ከሚመጣው ጋር እንዲቀራረብ ይደረጋል። ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ተሳፋሪና ለፖስታ ተስማሚ ነው።

በጥበቃ የሚጓጓዙ ዕቃዎች የሁለቱን ልዩነት በደንብ ያሳያሉ። ጨዋታው አራት የአየር ንብረት ዓይነቶች አሉት። በመካከለኛው የአየር ንብረት ውድ ዕቃ ከባንክ ወደ ባንክ ስለሚመላለስ ተመጣጣኝ ክፍፍል ይስማማዋል። በቀዝቃዛው የአየር ንብረት ግን ወርቅ የሚወጣው ከወርቅ ማዕድን ሲሆን የሚቀበለው ባንክ ነው። ባንኩ ወደ ማዕድኑ የሚመልሰው ነገር ስለሌለ በዚህ ላይ ተመጣጣኝ ክፍፍልን መምረጥ አይመከርም።

አሠራር

ሥርዓቱ ሥራውን የሚያከናውነው በሦስት ደረጃዎች ነው።

የመጀመሪያው የግንኙነት መረብን መሥራት ነው። ጨዋታው እያንዳንዱን ጣቢያ እንደ አንድ አንጓ፣ ተሽከርካሪ የሚመላለስበትን የሁለት ጣቢያዎች ግንኙነት ደግሞ እንደ አንድ ማያያዣ ይቆጥራል። ማያያዣ የሚፈጠረው ሐዲድ ወይም መንገድ ስለተሠራ ሳይሆን ተሽከርካሪ ስለተመደበበት ነው። የማያያዣው አቅም የሚገመተው በላዩ ከሚያልፉት ተሽከርካሪዎች የመጫን አቅምና የምልልስ ድግግሞሽ ነው። ተሽከርካሪ የማይመላለስበት ማያያዣ ከጊዜ በኋላ ይሰረዛል፤ በዚያ በኩል ሊሄድ የነበረው ጭነትም ሌላ መንገድ ይፈለግለታል። መረቡ ለእያንዳንዱ የጭነት ዓይነት ለየብቻ ይሠራል፤ የተሳፋሪዎች መረብ ከፖስታው መረብ የተለየ ነው።

ሁለተኛው ፍላጎትን ማስላት ነው። ሥርዓቱ እርስ በርስ ሊደራረሱ የሚችሉትን ጣቢያዎች ይዞ፣ ከእያንዳንዱ የሚነሣውን ጭነት ለመድረሻዎቹ ያከፋፍላል። በተመጣጣኝ ክፍፍል ብዙ ተሳፋሪ የሚያመነጭ ጣቢያ ብዙ ተሳፋሪ ይቀበላል። ርቀትም ድርሻ አለው፤ ሩቅ ለሆነ ጣቢያ የሚደርሰው ድርሻ ቅርብ ከሆነው ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ፍሰትን በመስመሮች ላይ መመደብ ነው። በሁለት ጣቢያዎች መካከል ብዙ መንገዶች ካሉ ጭነቱ በቅድሚያ ለአጭሩ ይሰጣል። አጭሩ መንገድ እስከተወሰነ ደረጃ ከሞላ ቀጥሎ ያለው ይሞከራል። ሁሉም ሞልተው ፍላጎት ከተረፈ የተረፈው አቅማቸው ከፍ ወዳሉት መስመሮች እያደላ በላያቸው ይጫናል። በቅርብ ጊዜ ስሪቶች ለተሳፋሪ፣ ለፖስታና ለመሳሰሉት ፈጣን ጭነቶች «አጭር» የሚባለው በርቀት ሳይሆን በጉዞ ጊዜ ነው። ስለዚህ በየጣቢያው የማይቆም ፈጣን ባቡር ከዝግተኛው ባቡር ተሳፋሪዎችን ይወስዳል።

የስሌቱ ውጤት በጣቢያው መስኮት ላይ ይታያል። ተጫዋቹ በጣቢያው የሚጠብቀው ጭነት ከየት እንደመጣ፣ ቀጥሎ በየትኛው ጣቢያ በኩል እንደሚያልፍና የት እንደሚደርስ ማየት ይችላል። ስሌቱ ገና ያልደረሰበት አዲስ ጣቢያ ጭነት «ወደ ማንኛውም ጣቢያ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ያገኘውንም ተሽከርካሪ ይሳፈራል።

ምሳሌ፦ ሦስት ከተሞች

ሀ፣ ለ እና መ የተባሉ ሦስት ከተሞች አሉ እንበል። በወር ሀ 200፣ ለ 150፣ መ 150 ተሳፋሪዎችን ያመነጫሉ፤ ክፍፍሉም ተመጣጣኝ ነው። ለቀላልነት የርቀት ተጽዕኖ ቢተው፣ እነዚህን ቁጥሮች የሚያሟላው ብቸኛ አመጣጣኝ ድልድል የሚከተለው ነው፦ በሀ እና በለ መካከል በእያንዳንዱ አቅጣጫ 100፣ በሀ እና በመ መካከል 100፣ በለ እና በመ መካከል 50።

ተጫዋቹ ሁለት መስመሮችን ብቻ ሠርቷል፦ አንዱ ከሀ ወደ ለ፣ ሌላው ከለ ወደ መ። ከሀ ወደ መ የሚሄድ ሰው በለ ወርዶ መቀየር አለበት። ስለዚህ የሀ–ለ መስመር በየአቅጣጫው የሚሸከመው 100 ሳይሆን 200 ተሳፋሪ ነው፤ የለ–መ መስመር ደግሞ 50 ሳይሆን 150።

ትልቁ ጫና ያለው ግን በለ ጣቢያ ላይ ነው። ከተማዋ ራሷ የምታመነጨው 150 ተሳፋሪ ብቻ ሲሆን፣ ከሀ ወደ መ የሚያልፉት 100 እና ከመ ወደ ሀ የሚያልፉት 100 ሲጨመሩ በወር ከጣቢያዋ የሚሳፈረው ሰው 350 ይሆናል። የለን ከተማ የሕዝብ ብዛት ብቻ አይቶ ትንሽ ጣቢያ የሠራ ተጫዋች ጣቢያው ለምን እንደሚጨናነቅ ለማወቅ ይቸገራል። ምክንያቱ ለ ውስጥ ሳይሆን በሀ እና በመ ውስጥ ነው።

የተሽከርካሪዎችን ብዛት ማስላት

የሚያስፈልገውን የተሽከርካሪ ብዛት በግምት ማስላት ይቻላል። ወርሃዊው ፍላጎት ለአንድ ተሽከርካሪ አቅም ሲካፈል በወር የሚያስፈልገውን የጉዞ ብዛት ይሰጣል። ያ ደግሞ አንድ ተሽከርካሪ በወር ለሚያደርገው ምልልስ ሲካፈል የተሽከርካሪዎቹ ብዛት ይገኛል።

በጨዋታው መጀመሪያ ዓመታት የሚገኘው ኤምፒኤስ ሪጋል አውቶቡስ 31 ተሳፋሪ ይይዛል። በሀ–ለ መስመር ላይ ደርሶ መልስ ጉዞ 20 ቀን ቢፈጅ አንድ አውቶቡስ በ30 ቀን አንድ ተኩል ጊዜ ይመላለሳል። ለ200 ተሳፋሪ 7 ጉዞ ስለሚያስፈልግ 5 አውቶቡሶች ይበቃሉ። አራት ብቻ ቢመደቡ በወር 6 ጉዞ፣ ማለትም 186 መቀመጫ ይኖራል። ጉድለቱ በወር 14 ሰው ብቻ ቢሆንም፣ የተሳፋሪው ብዛት ካልተለወጠ በዓመቱ መጨረሻ በየጫፉ 168 ሰው ተከማችቶ ይገኛል። በጨዋታው ውስጥ መጨናነቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ጥቂት ጉድለት ነው።

የለ–መ መስመር ምልልስም 20 ቀን ቢሆን ለ150 ተሳፋሪ 4 አውቶቡሶች ያስፈልጋሉ። በሁለቱ መስመሮች ድምር 9 ማለት ነው። አሁን ተጫዋቹ ከሀ ወደ መ ቀጥታ የሚሄድ ሦስተኛ መስመር ቢጨምር፣ የሀ–ለ ጫና ወደ 100፣ የለ–መ ደግሞ ወደ 50 ይወርዳል፤ ለእነርሱም 3 እና 2 አውቶቡሶች ይበቃሉ። የቀጥታው መስመር ምልልስ 30 ቀን ቢፈጅ 4 አውቶቡሶች ያስፈልጉታል። ድምሩ አሁንም 9 ነው። የአውቶቡሶቹ ብዛት አልተለወጠም፤ በለ ጣቢያ የሚሳፈረው ሰው ግን ከ350 ወደ 150 ወርዷል። ጫናውን ያቃለለው የተጨመረ ተሽከርካሪ ሳይሆን የመስመሮቹ አደረጃጀት ነው።

ሌላው አማራጭ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ትእዛዝ አገናኝቶ ተሽከርካሪው ከሀ ተነሥቶ በለ አልፎ እስከ መ እንዲሄድ ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ መ የሚሄደው ተሳፋሪ በለ ሳይወርድ ይቀጥላል። ነገር ግን የሀ–ለ ክፍል ጫና ከለ–መ ስለሚበልጥ፣ አንድ ዓይነት አቅም ያለው ተሽከርካሪ በአንደኛው ክፍል ሲሞላ በሌላው በከፊል ባዶ ይሄዳል።

የዕቃ መስመሮችና የምርት ሰንሰለት

በመካከለኛው የአየር ንብረት ከሚታወቁት ሰንሰለቶች አንዱ የብረት ነው። የብረት ማዕድን ከማውጫው ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል፤ ከማቅለጫው የሚወጣው ብረት ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ሸቀጥ ደግሞ ወደ ከተማ ይሄዳል። ማቅለጫው ለተቀበለው እያንዳንዱ ቶን ማዕድን አንድ ቶን ብረት ይሰጣል። ስለዚህ ከማዕድን ማውጫው የሚነሣው መስመር ላይ የሚደርስ ማንኛውም ጉድለት በማቅለጫውና በፋብሪካው በኩል እስከ ከተማው ድረስ ይወርዳል።

አንድ ማዕድን ማውጫ ከሁለት ማቅለጫዎች ጋር ቢገናኝ የክፍፍል ዓይነቱ ወሳኝ ነው። በእጅ በሚደረገው ክፍፍል ቀድሞ የደረሰው ባቡር ማዕድኑን ይወስዳል፤ ብዙ ባቡር የተመደበለት ማቅለጫም ብዙ ያገኛል። በሌላ አነጋገር ተጫዋቹ ድርሻውን የሚወስነው በባቡሮች ብዛት ነው።

ባልተመጣጠነ ክፍፍል ግን ድርሻውን አስቀድሞ የሚወስነው ሥርዓቱ ነው። ለሁለተኛው ማቅለጫ የተመደበው ማዕድን የሁለተኛውን መስመር ባቡር ይጠብቃል እንጂ በመጀመሪያው አይጫንም። ሁለተኛው መስመር ደካማ ከሆነ በአንድ መድረክ ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይታያሉ፦ የመጀመሪያው መስመር ባቡር ግማሽ ባዶውን ይነሣል፤ አጠገቡ ደግሞ የሌላው መስመር ማዕድን ተቆልሎ ይጠብቃል። ድልድሉ ከአቅሙ ጋር እንዲስማማ ወይ የሁለተኛው መስመር ባቡሮች መጨመር፣ ወይም ለእያንዳንዱ ማቅለጫ በማውጫው አጠገብ የተለያየ ጣቢያ መሥራት፣ አለዚያም ለዕቃ ጭነት የእጅ ክፍፍልን መምረጥ ያስፈልጋል። ከአንድ ምንጭ ወደ አንድ ተቀባይ ብቻ በሚሄድ መስመር ላይ ግን የሚከፋፈል ነገር ስለሌለ በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት አነስተኛ ነው።

ብዙ ተጫዋቾች ለተሳፋሪና ለፖስታ ተመጣጣኝ ክፍፍልን አብርተው የቀረውን ጭነት በእጅ የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው። ያልተመጣጠነ ክፍፍል በዕቃ ላይ ይበልጥ የሚጠቅመው አንድ ፋብሪካ ሸቀጡን ለብዙ ከተሞች በሚያዳርስበት ጊዜ ነው፤ ቅርብ ያለው ከተማ ሁሉን ጠቅልሎ እንዳይወስድ ይከለክላል።

የመጫንና የማራገፍ ትእዛዞች

ተሽከርካሪዎች የሚንቀሳቀሱት በትእዛዝ ዝርዝር ነው። ክፍፍል ሲበራ ከእነዚህ ትእዛዞች ጥቂቶቹ ትርጉማቸው ስለሚለወጥ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ተራ ትእዛዝ፣ ማለትም ምንም ልዩ መመሪያ የሌለው ማረፊያ፣ በአብዛኛው ከሁሉ የተሻለ ነው። በዚህ ጊዜ መድረሻው የደረሰ ጭነት ይራገፋል፣ ተሽከርካሪ መቀየር ያለበት ወርዶ ይጠብቃል፣ የሚቀጥለው ደግሞ ባለበት ይቆያል።

«አስተላልፍ» እና «ሁሉንም አራግፍ» የሚሉት ትእዛዞች በዚያው ተሽከርካሪ መቀጠል የነበረበትን ጭነት ጭምር ያወርዳሉ። በእጅ ክፍፍል ለመጋቢ መስመሮች አስፈላጊ ቢሆኑም፣ በአውቶማቲክ ክፍፍል ያለ ምክንያት ከተሰጡ ተሳፋሪው ወርዶ እንደገና እንዲጠብቅ ያደርጋሉ።

«ሙሉ ጫን» የሚለው ትእዛዝ ተሽከርካሪው እስኪሞላ እንዲቆም ያዛል። ክፍፍል ሲበራ ተሽከርካሪው የሚጭነው በእርሱ አቅጣጫ የተመደበውን ጭነት ብቻ ነው። ስለዚህ መድረኩ በሰው ተሞልቶ እያለ አውቶቡሱ «ሙሉ» እስኪሆን ለረጅም ጊዜ ሊቆም፣ ከኋላው ያሉትንም ሊያግድ ይችላል። ለተሳፋሪ መስመር ይህን ትእዛዝ አለመስጠት ይመረጣል።

ክፍያና የጣቢያ ደረጃ

የጭነት ክፍያ የሚወሰነው በጭነቱ ዓይነት፣ በብዛቱ፣ በርቀቱና በጉዞው ጊዜ ነው። ርቀቱ የሚለካው በጣቢያዎቹ አቀማመጥ እንጂ በተጠማዘዘው ሐዲድ ርዝመት አይደለም። ስለዚህ ጭነት በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ቢሄድ ጊዜው ይጨምራል፣ ክፍያው ግን አይጨምርም። ተሽከርካሪ በሚቀየርበት ጊዜ የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ድርሻ በሒሳብ ብቻ ይመዘገባል፤ ገንዘቡ ለኩባንያው የሚገባው ጭነቱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው።

ጣቢያው ከምርቱ ምን ያህሉን እንደሚያገኝ የሚወስነው የጣቢያው ደረጃ ሲሆን በመቶኛ ይገለጻል። ደረጃውን ከሚወስኑት መካከል የመጨረሻው ተሽከርካሪ ፍጥነትና ዕድሜ፣ ካለፈው ጭነት ወዲህ ያለፈው ጊዜ፣ እንዲሁም በጣቢያው የተከማቸው ጭነት ብዛት ይገኙበታል። ክምችቱ ሲበዛ ደረጃው ይወርዳል፤ ደረጃው ሲወርድ ወደ ጣቢያው የሚመጣው ጭነት ይቀንሳል። ክፍፍል በበራበት ጣቢያ ላይ ክምችቱ የሚመዘነው ጣቢያው በቀጥታ ከሚያገናኛቸው መስመሮች ብዛት ጋር ተነጻጽሮ ስለሆነ፣ ብዙ መስመር ያለው መለዋወጫ ጣቢያ ብዙ ሰው ስላስጠበቀ ብቻ ወዲያው አይቀጣም።

የመጨናነቅ ምልክቶችና መፍትሔዎች

ጨዋታው የጭነት ፍሰትን በካርታ ላይ የሚያሳይ መስኮት አለው። እያንዳንዱ ማያያዣ እንደ አጠቃቀሙ ቀለም ይሰጠዋል፤ አረንጓዴው ትርፍ አቅም ያለውን፣ ቀዩ ከአቅሙ በላይ የተጫነውን ያመለክታል። መጨናነቅ ሲታይ በሚከተለው ቅደም ተከተል መመርመር ይቻላል።

1. በጣቢያው መስኮት ክምችቱን «በኩል» በሚለው መሠረት ከፍሎ ማየት። አብዛኛውን ጊዜ ክምችቱ የሚጠብቀው ሁሉንም መስመር ሳይሆን አንዱን ብቻ ነው።

2. የክምችቱን መነሻ ማየት። ብዙው ከሌላ ጣቢያ የመጣ ከሆነ ችግሩ የአካባቢው ሳይሆን የመለዋወጥ ነው፤ መፍትሔውም በመነሻና በመድረሻው መካከል ቀጥታ መስመር መክፈት ነው።

3. ክምችቱ የራሱ የጣቢያው ከሆነ በዚያ መስመር ላይ ተሽከርካሪ መጨመር ወይም ሰፋ ባለው መተካት።

4. ተሽከርካሪዎቹ ተከታትለው በአንድ ጊዜ የሚደርሱ ከሆነ፣ ከመጨመር በፊት በጊዜ ሰሌዳ ማራራቅ።

5. ለውጥ ከተደረገ በኋላ መታገሥ። አዲሱ ስሌት እስኪጠናቀቅ ጭነቱ በቀድሞው ዕቅድ መሠረት ይሄዳል፤ ውጤቱ ሳይታይ ሌላ ለውጥ መጨመር ምክንያቱን ለመለየት ያስቸግራል።

ሁለት መረቦችን ማገናኘትም የታሰበበት ውሳኔ መሆን አለበት። ለየብቻ በደህና ሲሠሩ የነበሩ ሁለት የከተማ አውቶቡስ መረቦች በአንድ የባቡር መስመር ከተገናኙ፣ የአንዱ ከተማ ተሳፋሪ ሁሉ ወደ ሌላው ከተማ ማረፊያዎች መሄድ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ፍላጎት የሚያልፈው በዚያ አንድ የባቡር መስመር በኩል ነው። መስመሩ በቂ ባቡሮች ሳይኖሩት ከተከፈተ ሁለቱንም ከተሞች ያጨናንቃል።

ዋና ዋና ቅንብሮች

የርቀት ተጽዕኖ፦ ሲጀመር 100 በመቶ ነው። ከፍ ሲል ጭነት ወደ ቅርብ ጣቢያዎች ያደላል፤ 0 ሲሆን ርቀት ከግምት አይገባም። ረጅም መስመሮቹ የተጨናነቁበት ተጫዋች ከፍ በማድረግ ሊያቃልል ይችላል።

የመልስ ፍላጎት፦ በተመጣጣኝ ክፍፍል ብቻ የሚሠራ ሲሆን ሲጀመር 100 በመቶ ነው። ሲቀነስ ክፍፍሉ ወደ ያልተመጣጠነው ይጠጋል፤ 0 ሲሆን ከእርሱ ጋር አንድ ይሆናል።

የአጭር መንገድ ሙሌት፦ ሲጀመር 80 በመቶ ነው። አጭሩ መንገድ ከተገመተው አቅሙ እዚህ ሲደርስ ትርፉ ወደሚቀጥለው መንገድ ይዞራል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ አራቱ የቀጥታ አውቶቡሶች በወር 124 መቀመጫ አላቸው፤ 80 በመቶው 99 ገደማ በመሆኑ ከ100ው ተሳፋሪ ሁሉም ማለት ይቻላል በቀጥታው መስመር ይሄዳሉ። ቅንብሩ ከ100 በታች የሚደረገው ሥርዓቱ አቅምን ብዙ ጊዜ ከእውነታው አብልጦ ሊገምት ስለሚችል ነው።

የስሌት ድግግሞሽና ቆይታ፦ እርስ በርስ የተገናኙ ጣቢያዎች ስብስብ በአንድ ጊዜ ይሰላል፤ ስብስቦቹም ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ስሌት በየአራት ቀኑ ቢጀመርና 10 ስብስቦች ቢኖሩ፣ የእያንዳንዱ ተራ የሚደርሰው በ40 ቀን አንድ ጊዜ ነው። ለስሌቱ የተሰጠው ቆይታ ለትልቅ መረብ ካነሰ ጨዋታው ስሌቱ እስኪያልቅ ሊንገጫገጭ ይችላል፤ ቆይታው ሲረዝም ግን መረቡ ለለውጥ ምላሽ የሚሰጠው ዘግይቶ ነው።

ከትራንስፖርት ጥናት ጋር ያለው ግንኙነት

ጨዋታው የሚፈታው ችግር በሒሳብና በትራንስፖርት ዕቅድ ጥናት የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1941 አንድን ምርት ከብዙ ምንጮች ወደ ብዙ ቦታዎች በአነስተኛ ወጪ የማከፋፈልን ጥያቄ በሒሳብ አቅርቧል። ሌስተር ፎርድና ዴልበርት ፉልከርሰን ደግሞ በ1956 በአንድ መረብ ውስጥ ሊያልፍ የሚችለውን ከፍተኛ ፍሰት የሚያሰላ ዘዴ አሳትመዋል። በአንድ መረብ ላይ የተለያየ መነሻና መድረሻ ያላቸው ብዙ ፍሰቶች አቅም ሲሻሙ የሚነሣው ጥያቄ «የብዙ ሸቀጦች ፍሰት» ይባላል፤ የጭነት ክፍፍል ፍሰትን የሚመድበው በዚህ ዘዴ ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ጉዞ በከተሞቹ ትልቅነት ይጨምራል፣ በርቀታቸው ይቀንሳል የሚለው «የስበት ሞዴል» ደግሞ ከጨዋታው የፍላጎት ስሌት ጋር ተቀራራቢ ነው።

ልዩነትም አለ። የሂችኮክ ጥያቄ ወጪን ለመቀነስ ሲሆን፣ የጭነት ክፍፍል የተጫዋቹን ትርፍ ለማሳደግ አይሠራም። ለእያንዳንዱ መድረሻ ድርሻውን ይሰጣል፤ ድርሻውን የሚያደርሱትን ተሽከርካሪዎች ማቅረብ የተጫዋቹ ኃላፊነት ነው።

ውስንነቶች

ሥርዓቱ ፍላጎትን ሲያከፋፍል በመስመሩ ላይ ስንት ተሽከርካሪ እንዳለ አይቶ መድረሻዎችን አይቀንስም። ተሳፋሪም መስመሩ ስለተጨናነቀ ጉዞውን አይተውም፤ በጣቢያው ላይ ሆኖ ይጠብቃል። የአቅም ግምቱም ግምት ብቻ ነው፤ ባቡር ሲበላሽ ወይም በምልክት ላይ ሲቆም የሚባክነው ጊዜ ወዲያው አይታይበትም። በዚህ የተነሣ በፍሰት ካርታው ላይ አረንጓዴ የሆነ መስመር በጣቢያው ላይ ክምችት ሊኖረው ይችላል። ተጫዋቹ ካርታውንና የጣቢያውን መስኮት አንድ ላይ ማየት የሚኖርበት ለዚህ ነው።